ስለ መኪና ጥገና ሙያ ሥልጠና፤ ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ

ቡናውን ከጅማ የሚያስመጣው ላኪ፣ ጨርቃ ጨርቁን ከጅቡቲ ወደብ የሚያስጭነው አስመጪ፣ ዘይትና ስኳር በችርቻሮ የሚሸጠው ባለሱቅ፣ የሁሉም ሥራ የሚመላለሰው በጭነት መኪና ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ መንገድ ላይ አንድ መኪና ቆሞ ቢቀር የሚከስረው ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን የሚጠብቀው ነጋዴም፣ ከነጋዴው የሚገዛው ደንበኛም የኪሳራው ተካፋዮች ናቸው። እንዲህም ከሆነ መኪናውን የሚጠግነው ሰው ሙያውን ከየትና እንዴት እንደ ተማረ መመርመር ለንግድ ሰው ትርፍ ሥራ ሊመስል አይገባም። ነገር ግን ብዙ ነጋዴ ሒሳብ ጸሐፊ ሲቀጥር የትምህርት ማስረጃ እየጠየቀ፣ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበትን መኪና ፈትቶ ለሚገጥመው ሰው አንድም ጥያቄ ሳያቀርብ መክፈቻውን ያስረክበዋል።

በአገራችን የመካኒክነት ሙያ ለረጅም ዘመን የተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ ነው። ልጁ ገና ለጋ ሳለ ረዳት ሆኖ ጋራዥ ይገባል። መጀመሪያ የተፈታ ዕቃ በቤንዚን ያጥባል፤ ቀጥሎ 13 ቁልፍ ወይም 17 ቁልፍ ሲባል መርጦ ማቀበል ይማራል፤ ከመኪናው ሥር የተኛውን የዋናውን መካኒክ እጅ እያየ ዓመት ሁለት ዓመት ካሳለፈ በኋላ ጎማ መፍታት፣ ዘይት መለወጥ፣ ፍሬን ማሰር ይፈቀድለታል። የጋራዡ ቋንቋ ራሱ ለዚህ አመጣጥ ምስክር ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን፣ ፍሬቻ የሚባሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ከመጽሐፍ የተቀዱ ሳይሆኑ በሥራ ላይ ተሰምተው በአማርኛ አንደበት የተለሳለሱ ናቸው። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ የተጨማደደ ቆርቆሮ የሚያቃናው ባትላሜራ መባሉም ከዚያው ነው።

ይህን አሠራር ማንም ሊንቀው አይገባም። ሞተሩ ሲያንኳኳ ድምፁን ብቻ ሰምተው ጉዳቱ ከወዴት እንደ ሆነ የሚያመለክቱ፣ የፍሪሲዮን ሸራ መቃጠሉን በሽታው የሚያውቁ አንጋፋ ባለሙያዎች የወጡት ከዚሁ ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው። ረዳቱ የሚያየው ጌታው ያደረገውን እንጂ ያሰበውን አይደለም። ዋናው መካኒክ ከአምስት ምክንያቶች አራቱን በልቡ ጥሎ አንዱን ሲያነሣ፣ ረዳቱ ያንን አንዱን ብቻ አይቶ «መኪና አልነሣ ሲል ይህ ዕቃ ይለወጣል» ብሎ ይይዘዋል። በሌላ ቀን፣ በሌላ መኪና፣ ምክንያቱ ሌላ በሆነ ጊዜ የባለቤቱ ገንዘብ ይባክናል። በደንብ የተሰናዳ ሥልጠና ዋና ጥቅሙ ይህን የተሰወረውን ሐሳብ አውጥቶ በግልጽ ማስተማሩ ነው፤ ይኸውም ከመፍታት በፊት መለካት፣ ከመለወጥ በፊት ምክንያቱን ማግኘት ነው።

ለዚህ የባትሪ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ የመለዋወጫ ባለሱቆችም በየጊዜው የሚጣሉበት ጉዳይ ነውና። ጧት አልነሣ ያለ አንድ ፒክአፕ እየተገፋ ጋራዥ ይገባል። መካኒኩ ባትሪው ሞቷል ይላል። ባለቤቱም አዲስ ባትሪ ገዝቶ ያስገጥማል፤ መኪናው ይነሣል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። በሳምንቱ መኪናው እንደ ገና አልነሣም ይላል። ባለቤቱ ወደ ሱቁ ተመልሶ «የሸጡልኝ ባትሪ የተበላሸ ነው» ይላል፤ ባለሱቁም «ጤነኛውን ነው የሰጠሁዎት» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱን ሊያስታርቅ ይችል የነበረው በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ የቮልት መለኪያ ነው። ጤነኛና የሞላ የ12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ወደ 12 ቮልት ከወረደ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ባለው መካከል መቆም አለበት። ሞተሩ እየሠራ መርፌው 12 ላይ ከቀረ ጉድለቱ የባትሪው ሳይሆን የዲናሞው፣ ወይም የላላ ቺንጋ፣ ወይም የዛገ ሽቦ ነው። ሁለቱም ልኮች ደኅና ሆነው ባትሪው በአንድ ሌሊት የሚያልቅ እንደ ሆነ፣ መኪናው ተቆልፎ ሳለ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያፈስ ይለካል፤ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ከሆነ የሚያፈሰው ዕቃ ይፈለጋል። የሠለጠነ ሰው ይህን ሁሉ በሩብ ሰዓት ይፈጽመዋል። ያልሠለጠነው ግን ሦስተኛ ባትሪ ያስገዛል።

የአገራችንን አቀማመጥ የማያውቅ መካኒክ ደግሞ ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በጅቡቲ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከወደቡ ተነሥቶ ደጋውን ሲወጣ የሚተነፍሰው አየር በዚያው መጠን ይቀንስበታል። ናፍጣው በቆላ እንደሚረጨው ሆኖ ከተረጨ፣ የሚያቃጥለው አየር ያጣው ትርፉ ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል። የከፍታን ነገር ያልተማረ ሰው ጢሱን አይቶ ፖምፓውን ያወርዳል፣ ኖዝሎቹን ያስለውጣል፤ መኪናው ግን ከዚያም በኋላ ሽቅብ ሲወጣ ይጨሳል። የውኃውም ነገር እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ሞተር ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ የሚሠራ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ የመፍያው ልክ ከፍ ይላል። ይህ ርካሽ ዕቃ ሲያረጅ ውኃው ቀድሞ ይፈላል፣ ሞተሩ ይግላል፣ የቴስታታው ጋስኬት ይቃጠላል፤ በመጨረሻም ቴስታታው ራሱ ይጣመማል። ክዳኑን ሳይመረምር ጋስኬት ብቻ ለውጦ መኪናውን የሚያስረክብ ጋራዥ ያንኑ መኪና ከጥቂት ወራት በኋላ መልሶ ይቀበለዋል።

ፍሬንን በሚመለከት ስሕተቱ ከገንዘብ አልፎ ነፍስ ያጠፋል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ትንንሾቹ መኪናዎች በፍሬን ዘይት የሚሠሩ ናቸው፤ ይህም ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዐይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ልኩ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላና በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጠው እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ሸራው አዲስ፣ ቧንቧው ያልፈሰሰ፣ ሲሊንደሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ጎደለ ተብሎ የሚጨመር ብቻ ሳይሆን በየጊዜው ፈስሶ የሚለወጥ መሆኑን ያልተማረ ሰው ከአደጋው በኋላ እንኳ ምክንያቱን አያገኘውም።

አሁን ደግሞ ኮምፒዩተር የሚባለው ነገር መጥቷል። በአሜሪካ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርቡ አነስተኛ መኪናዎች ሁሉ አንድ ዐይነት ባለ 16 ጥርስ መሰኪያ እንዲኖራቸው ሕግ ወጥቷል፤ የሌሎች አገሮች ፋብሪካዎችም ይህንኑ ተከትለዋል። መመርመሪያው መሣሪያ በዚህ መሰኪያ ሲገባ በፊደልና በቁጥር የተጻፈ ኮድ ያወጣል። በብዙ ሰው ዘንድ ያለው አስተሳሰብ መሣሪያው የተበላሸውን ዕቃ ለይቶ ይናገራል የሚል ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ኮዱ ሕመሙን ይናገራል እንጂ መድኃኒቱን አያዝም። ለምሳሌ ፒ 0301 የሚለው ኮድ የመጀመሪያው ሲሊንደር በትክክል አለመቃጠሉን ያስታውቃል። ይህም ከካንዴላው፣ ከቦቢናው፣ ከነዳጅ መርጫው፣ ከተቆረጠ ሽቦ፣ ወይም ከኮምፕሬሽን ማነስ ሊመጣ ይችላል። የተማረው ሰው የአንደኛውን ሲሊንደር ቦቢና ከሁለተኛው ጋር ያለዋውጣል፤ ኮዱ ወደ ፒ 0302 ከተዛወረ ጥፋቱ የቦቢናው ነው፤ ካልተዛወረ ወደሚቀጥለው ምክንያት ያልፋል። አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ግማሹን ሥራ ጨርሷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አለ። የጋራዡ ቃል ጣልያንኛ ሲሆን የመሣሪያው ጽሑፍና የጥገናው መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። ኩሽኔታ ምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ የሚያውቀው ወጣት ያንኑ ዕቃ በመጽሐፉ ላይ በሌላ ስም ሲያገኘው ይሳታል። ስለዚህ ለመኪና ጥገና የሚሰናዳ ልጅ እንግሊዝኛ ማንበብና ሥዕላዊ የኤሌክትሪክ ካርታ መከተል እንደ ካቻቢቴው ሁሉ የሥራ መሣሪያዎቹ ናቸው። ሒሳብ የማይወድ ልጅ ወደ ጋራዥ ይላክ ማለትም ያለፈበት ምክር ነው።

ይህን ዕውቀት የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች በአገራችን አዲስ አይደሉም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ዛሬም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ይሠራል። በዛሬው ሥርዐት የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ በደረጃ የተከፈለ ሲሆን፣ ሥራው በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ይገኛል። ሠልጣኙ ሲጨርስ የሙያ ብቃት ምዘና ይቀርባል። ብዙ ነጋዴ የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ በሥራ ላይ ብቻ የተማረ ሰውም ይህን ምዘና ወስዶ ማስረጃ ማግኘት መቻሉ ነው። ዐሥር ዓመት በጋራዥ የኖረ ጎበዝ ረዳት ያለው ባለመኪና ልጁን እንደ አዲስ ተማሪ ከመላክ ይልቅ ለምዘና አሰናድቶ ጉድለቱ በየትኛው ክፍል እንደ ሆነ ቢያስለይ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የትምህርት ቤቱ ድካም ብቻውን አይበቃም። በሥርዐቱ መሠረት ሠልጣኙ የትምህርቱን ሰፊ ክፍል በድርጅቶች ውስጥ እየሠራ እንዲማር ታስቧል፤ ይህም የትብብር ሥልጠና ይባላል። ዳሩ ግን ሠልጣኙ በእንግድነት የገባበት ጋራዥ ኀላፊነት ካልተሰማው ልጁን መጥረጊያ አስይዞት ወራቱ ያልፋል፤ በመጨረሻም ወረቀቱ ይፈረምለታል። እንዲህ ያለው ፊርማ በባንክ ቤት እንደ ደረቅ ቼክ የሚቆጠር ነው፤ ገንዘቡ ሳይኖር ተጽፏልና።

በጀርመን አገር ይህ ነገር እንዴት እንደ ተያዘ መመልከት ለንግድ ምክር ቤት አባሎች ይጠቅማል። በዚያ አገር የመኪና ባለሙያ ሥልጠና ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ወጣቱ ከጋራዡ ጋር የጽሑፍ ውል ይዋዋላል፤ ከአሠሪው መጠነኛ አበል እየተቀበለ አብዛኛውን ጊዜ በጋራዡ፣ የቀረውን በሙያ ትምህርት ቤት ያሳልፋል። ውሉን በመዝገብ የሚይዘውና ፈተናውን የሚያካሂደው የነጋዴዎችና የባለእጆች ምክር ቤት ነው፤ በፈታኞቹም ጉባኤ ላይ አሠሪዎች፣ ሠራተኞችና መምህራን አብረው ይቀመጣሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 መካኒክነትንና የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኝነትን ለየብቻ ማስተማር ቀርቶ ሁለቱ አንድ ሙያ ተደርገዋል፤ በዘመናዊ መኪና ላይ ብረቱን ከሽቦው መለየት ስለማይቻል ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከ1972 ጀምሮ የሚሠራ የባለሙያዎች መመዘኛ ድርጅት አለ። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ለአምስት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ጊዜው ሲያልፍ ባለሙያው ዕውቀቱን ማሳደስ አለበት። በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሠላሳ ዓመት የሚኖር ወረቀት በዚህ ሙያ ዋጋ እንደሌለው ቀድመው ተረድተዋል።

ነጋዴው ለሥልጠና ገንዘብ እንዳያወጣ የሚከለክለው አንድ ፍርሃት አለ፤ ይኸውም «ያሠለጠንሁት ልጅ ነገ ለሌላ ሰው ይሠራል» የሚለው ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ደርሷል። ነገር ግን የሚያስኮበልለው ብዙውን ጊዜ ሥልጠናው ሳይሆን ከሥልጠናው በኋላ በረዳት ደመወዝ መቅረቱ ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ አስቀድሞ ሊጻፍ የሚገባው ነገር አለ፤ ሠልጣኙ አንድ ደረጃ ባለፈ ቁጥር ደመወዙ በምን ያህል እንደሚጨምር፣ የትምህርት ቤቱ ቀን ከሥራው ቀን እንዴት እንደሚለይ፣ የምዘናውን ወጪ ማን እንደሚችል፣ ከሥልጠናው በኋላ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ነው። የመሣሪያ ሳጥን ተገዝቶለት ያገለግል ዘንድ የተስማማበትን ዘመን ሲጨርስ ሳጥኑ የራሱ እንዲሆን መዋዋልም ብልኅ አሠራር ነው፤ ወጣቱ ዕቃውን እንደ ራሱ ንብረት ይጠብቀዋል፤ የሚቀርበትም ነገር ስላለ ለመሄድ አይቸኩልም። አንድ አንድ መኪና ያላቸው አራት ወይም አምስት ባለሱቆች ደግሞ ለየብቻቸው የማይችሉትን በአንድነት ሆነው፣ መኪናቸውን በሚያስጠግኑበት ጋራዥ አንድ ሠልጣኝ ሊደግፉ ይችላሉ።

ለመለዋወጫ ዕቃ አስመጪ ጉዳዩ ይበልጥ ቅርብ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ስለ ጣለ፣ በአገር ውስጥ ያለው መኪና ዕድሜው እንዲረዝም ባለቤቶች የበለጠ መጠንቀቅ ጀምረዋል። ዕቃ ይፈለጋል፤ ሆኖም «የቶዮታ የፊት ኩሽኔታ» ተብሎ በቃል የሚታዘዝ ዕቃ ከዱባይ ሲደርስ የማይገጥም ሆኖ ይገኛል፤ መመለሻም የለውም። የሠለጠነ ባለሙያ ትእዛዙን የሚጽፈው ከመኪናው የሻንሲ ቁጥር ጋር ነው። ዓለም አቀፉ የሻንሲ ቁጥር 17 ምልክቶች ያሉት ሲሆን፣ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደሎች በውስጡ አይገቡም። ስለዚህ በትእዛዝ ወረቀት ላይ ከእነዚህ አንዱ ተጽፎ ቢገኝ የሱቁ ጸሐፊ ስሕተት መሆኑን ወዲያው ሊያውቅ ይችላል። ለጃፓን አገር ገበያ ብቻ የተሠሩት መኪናዎች ግን አጠር ያለ ቁጥር ስላላቸው በዚህ ልክ አይመዘኑም።

መካኒክ ለመቅጠር የሚፈልግ ነጋዴ ራሱ ባለሙያ ባይሆንም አመልካቹን ሊመዝን ይችላል። አልነሣ ያለ መኪና አቅርቦለት መጀመሪያ እጁን ወደ ምን እንደሚሰድ ይመልከት፤ ወደ መለኪያ ወይስ ወደ ቁልፍ። የቴስታታ ብሎኖች በምን ተራ እንደሚጠብቁ ይጠይቀው፤ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ፣ በማጥበቂያ ኀይል መለኪያ ቁልፍ መጽሐፉ ባዘዘው ልክ የሚል መልስ ካገኘ ሰውየው ተምሯል። «እጄ ያውቀዋል» ካለው ግን ሌላ አመልካች ይጥራ።

ከሁሉ ይልቅ አስቸኳይ የሆነው የኤሌክትሪክ መኪና ሥልጠና ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ ቁጥር በመንገዱ ላይ እየታየ ሄዷል። እነዚህ መኪናዎች የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና ኖዝል የላቸውም፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ስለሚያበርድ የፍሬን ሸራቸውም ቶሎ አያልቅም። የዘይትና የፊልትሮ ነጋዴ ይህን ከወዲሁ በሒሳቡ ሊያስገባው ይገባል። ጎማና ባሌስትራ፣ መሪና ፍሬን፣ የ12 ቮልቱም ትንሽ ባትሪ ግን እንዳሉ ናቸውና የቀድሞው ዕውቀት ሁሉ አይጣልም።

አደጋው በትልቁ ባትሪ ላይ ነው። በቀጥታ ኤሌክትሪክ ከ60 ቮልት በላይ ያለው ሁሉ እንደ አደገኛ ይቆጠራል፤ የእነዚህ መኪናዎች ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ቮልት፣ በአንዳንዶቹም 800 ቮልት ይደርሳል። ይህን ሥራ እያዩ መማር አይቻልም፤ የመጀመሪያው ስሕተት የመጨረሻው ሊሆን ይችላልና። እስከ 1,000 ቮልት የሚከላከል ጓንትና ለዚያ ልክ የተሠራ መለኪያ መግዛት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ለሠልጣኙ የሚተው ወጪ አይደለም። ሠልጣኙም ሥርዐቱን በቃሉ ሳይሆን በእጁ ደጋግሞ መለማመድ አለበት። መኪናው ይጠፋል፤ መክፈቻው ከመኪናው ርቆ ይቀመጣል፤ የ12 ቮልቱ ባትሪ ይነቀላል፤ ጓንቱ ቀዳዳ እንደሌለው አየር ሞልቶ ከተፈተነ በኋላ ይደረጋል፤ የትልቁ ባትሪ ማቋረጫ ተነቅሎ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው ይቆለፍበታል። በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪፈስ ድረስ ፋብሪካው ያዘዘውን ያህል ደቂቃ ይጠበቃል። መለኪያው ደኅና መሆኑ በታወቀ ኤሌክትሪክ ላይ ይሞከራል፤ ብርቱካናማው ሽቦ በሚገባበት ቦታ ተለክቶ ዜሮ መሆኑ ይረጋገጣል፤ መለኪያው በመካከል ተበላሽቶ እንዳይሆንም እንደ ገና በታወቀው ኤሌክትሪክ ላይ ይሞከራል። ቁልፍ የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።